ሰዓቱ የጋራ፣ ንባቡ የየራስ
በምሩቃን ማኅበሩ ዓመታዊ የመገናኛ ቀን የቀረበ ንግግር

 

አዘጋጆቹ ስለ ኦንላይን ትምህርት ሃያ ደቂቃ እንድናገር ጠይቀውኛል። እኔ የትምህርት ባለሙያ አይደለሁም፤ የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነኝ። የተጠራሁበት ምክንያት ሌላ ይመስለኛል። ላለፉት አራት ዓመታት በየእሑዱ ማታ ከስድስት የሙያ ጓደኞቼ ጋር በኢንተርኔት እየተገናኘን እንማራለን። አንድ የጥናት ቡድን አራት ዓመት መቆየቱ ሰው የሚገርመው ነገር ሆኗል፤ ለምን እንደሚገርም ደግሞ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ።

ዛሬ ከምሳ በኋላ ማኅበራችን አንድ ጉዳይ ይወስናል። ወደ መጀመሪያ ደረጃና ወደ ጠቅላላ ሆስፒታሎች ለሚሄዱ አዳዲስ ምሩቃን የኦንላይን ትምህርት እንጀምር በሚለው ተስማምተናል። ያልተስማማነው «እንዴት» በሚለው ነው። አንዱ ሐሳብ የታላላቅ መምህሮቻችንን ሌክቸር ቀርጸን አንድ ቦታ እናስቀምጥ፣ ሁሉም በሚመቸው ሰዓት ይየው ይላል። ሌላው ምሩቃኑን በትንንሽ ቡድን እናደራጅ ይላል። እኔ ከሁለተኛው ወገን ነኝ፤ ምክንያቴን ላስረዳ።

ጀማሪው ብዙ፣ ጨራሹ ጥቂት

እኛ ስንማር ችግሩ የመጽሐፍ እጥረት ነበር። ላይብረሪ ውስጥ አንዱን ሃሪሰን ለመያዝ የነበረውን ወረፋ፣ ፊደሉ የማይነበብ ፎቶኮፒውን የምታስታውሱ እዚህ አላችሁ። ዛሬ አንድ ጠቅላላ ሐኪም በኪሱ በያዘው ስልክ እኛ በዓመት ያላየነውን መጽሐፍ በአንድ ማታ ያወርዳል። ታዲያ እጥረቱ ካለቀ ትምህርቱ ለምን አይጨረስም?

ኮርሴራና ኢዴክስ የተቋቋሙት እ.ኤ.አ. በ2012 ነው። የታላላቅ ዩኒቨርሲቲዎች ትምህርት ለዓለም ሁሉ በነጻ ሲከፈት ብዙዎች የትምህርት በር ከእንግዲህ ለማንም አይዘጋም ብለው ነበር። ሳይንስ መጽሔት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ጽሑፍ ሁለት ተመራማሪዎች ሃርቫርድና ኤም.አይ.ቲ. በኢዴክስ በኩል የሰጧቸውን ትምህርቶች የስድስት ዓመት መረጃ መርምረዋል። እ.ኤ.አ. በ2017/18 ከተመዘገቡት 100 ሰዎች የጨረሱት 3 ያህል ብቻ ነበሩ። ገንዘብ ከፍለው ሰርተፊኬት ለመውሰድ ከቆረጡት መካከል እንኳ የጨረሱት 46 በመቶ ናቸው።

በእርግጥ የተመዘገበ ሁሉ ለመጨረስ አይገባም። አንዳንዱ ገርበብ ያለ በር አይቶ አንገቱን ብቅ የሚያደርግ ነው፤ እሱን «አቋረጠ» ማለት ትክክል አይሆንም። ነገር ግን የከፈለውና የቆረጠውም ሰው ከግማሽ በላይ መንገድ ላይ ቀርቷል። ቪዲዮው እዚያው አለ፣ አስተማሪውም ጎበዝ ነው። የጎደለው «የት ቀረህ?» የሚል ሰው ነው።

«ሰው ካስፈለገማ ቴሌግራም ላይ ግሩፕ አለን» ትሉኛላችሁ። እሱንም እናውቀዋለን። አንድ ሰው «የጥናት ግሩፕ» ብሎ ይከፍታል፤ በሦስት ቀን ሁለት መቶ ሰው ይገባል። የመጀመሪያው ሳምንት ሠርግ ነው፤ «በርቱ»፣ «ምርጥ ሐሳብ»፣ ጭብጨባ በጭብጨባ። ከዚያ አንዱ ዘጠኝ መቶ ገጽ ፒዲኤፍ ይጭናል፣ ሌላው ከእሱ የሚበልጥ ይጭናል። ፋይሉን ስናወርድ የተማርን ይመስለናል። በሁለተኛው ወር የበዓል ምኞት መግለጫ፣ በሦስተኛው የኮንዶሚኒየም ሽያጭ ማስታወቂያ ይገባና ግሩፑ በዚያው ያርፋል።

ይህ የሐበሻ ጠባይ ነው የሚል ካለ ተሳስቷል። ማክስ ሪንግልማን የተባለ ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተመው ጥናት ሰዎችን ገመድ አስጎትቶ ነበር። የጎታቾቹ ቁጥር እየበዛ ሲሄድ የእያንዳንዱ ሰው ድርሻ እያነሰ ሄደ። ከፊሉ ምክንያት አለመናበብ ነው። ከፊሉ ግን፣ በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች እንዳረጋገጡት፣ ሰው የእሱ ጉልበት ተለይቶ የማይታይ ሲሆን መላላቱ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን፤ አንበሳ የሚያስረው ግን ሁሉም የተወጠረ እንደሆነ ነው።

እንዳይላላ የሚያደርገውን ዘዴ ደግሞ አገራችን ከጥንት ታውቀዋለች። እቁብ እስቲ ለምን አይፈርስም? አባላቱ ይተዋወቃሉ፣ ቀኑ የታወቀ ነው፣ የእያንዳንዱ ድርሻ የታወቀ ነው፣ ዳኛና ጸሐፊ አለው። የቀረ ሰው መቅረቱ በዚያው ቀን ይታወቃል። አንድም ሰው «ዛሬ ተነሳሽነት የለኝም» ብሎ እቁቡን ሳይጥል አይቀርም።

ሰው ለምን ይመለሳል?

ስለ ተነሳሽነት ብዙ ተጽፏል። እኔ በቡድናችን ውስጥ ያየሁትን በደንብ የሚገልጽልኝ የኤድዋርድ ዴሲና የሪቻርድ ራያን ንድፈ ሐሳብ ነው። እነሱ እንደሚሉት ሰው ከውስጥ ተነሳስቶ እንዲሠራ ሦስት ነገር ይፈልጋል። የሚሠራውን በፈቃዱ መምረጡን፣ እየቻለው መሄዱን፣ ከሌላ ሰው ጋር መተሳሰሩን።

እኛ ይህን ያገኘነው በትንሽ ነገር ነው። የምንማረውን ርዕስ የሚመርጠው የሳምንቱ ባለተራ ነው፤ የሚመርጠውም ከራሱ ዋርድ ባጋጠመው ኬዝ ነው። የታካሚ ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ ፎቶ አይነሳም። ኬዙ ግን እውነተኛ ነው፤ ያቀረበው ሐኪም ሰኞ ጠዋት ራውንድ ላይ ተመልሶ ያገኘዋል። እንዲህ የሆነ ርዕስ ሲቀርብ ስልኩን የሚነካ ሰው አላየሁም።

ከእኛ በጣም የሚበልጥ ምሳሌም አለ። በአሜሪካ ኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ሳንጂቭ አሮራ የተባሉ የጉበት ሐኪም ነበሩ። የሄፓታይተስ ሲ ታካሚዎች እሳቸው ዘንድ ለመድረስ ወራት ይጠብቁ፣ ረጅም መንገድ ይነዱ ነበር። እሳቸው እ.ኤ.አ. በ2003 ኤኮ የሚባለውን ፕሮጀክት ጀመሩ። በገጠር ክሊኒኮችና በማረሚያ ቤቶች የሚሠሩ ሐኪሞችና ነርሶች በየሳምንቱ በቪዲዮ እየተገናኙ የራሳቸውን ታካሚ ኬዝ ያቀርባሉ፣ ከስፔሻሊስቶቹና ከእርስ በርሳቸው ይማራሉ። አጭር ሌክቸር ነበረው፤ የሥራው ልብ ግን የኬዙ ውይይት ነበር። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦፍ ሜዲስን ወጣ። በዩኒቨርሲቲው ክሊኒክ ከታከሙት ቫይረሱ የጠፋላቸው 57.5 በመቶ፣ በእነዚያ ራቅ ያሉ ጣቢያዎች ከታከሙት ደግሞ 58.2 በመቶ ነበሩ። የገጠሩ ሐኪም ከተማ ሳይገባ፣ ታካሚውም መንገድ ሳይወጣ ሕክምናው እኩል ሆነ ማለት ነው።

ጸጥታን ማን ይጠብቃል?

እስካሁን ያልኩት ሰውን ስለማሰባሰብ ነው። መሰባሰብ ብቻውን ግን ትምህርት አይሆንም። ሰባት ሐኪም ሲገናኝ ምን እንደሚያወራ ታውቃላችሁ፤ ደመወዝ፣ ዝውውር፣ ማን የት ሄደ። ሁለት ሰዓት አውርተን ምንም ሳናነብ ልንለያይ እንችላለን። ስለዚህ ጥያቄው ሁለት ነው። አንዱ ሰው እንዴት ይመጣል የሚለው፣ ሌላው ከመጣ በኋላ አእምሮው እንዴት ይሰበሰባል የሚለው። የመጀመሪያውን ሰው ያመጣዋል። ሁለተኛው ጸጥታ ይፈልጋል። ብዙ የኦንላይን ቡድን የሚወድቀው ሁለቱን በአንድ ድስት ሲቀቅል ይመስለኛል። ቀኑን ሙሉ መልእክት እየላከ አባላቱን «እያበረታታ» የሚያነቡበትን ሰዓት ይበላባቸዋል።

ትኩረት እንደ ደም ግፊት የሚወጣና የሚወርድ ነገር ነው። ኖርማን ማክወርዝ የተባለ እንግሊዛዊ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1948 ባሳተመው ሥራ፣ የራዳር ተቆጣጣሪዎችን ሥራ ለመረዳት ሰዎችን ሰዓት የመሰለ መሣሪያ ፊት አስቀምጦ መርፌው አልፎ አልፎ ሲዘል እንዲናገሩ አደረገ። ከመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት በኋላ የሚያመልጣቸው ዝላይ ጨመረ። ሶፊ ሌሮይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣችው ጥናት፣ አንድ ሥራ ሳንጨርስ ወደ ሌላ ስንዘል የሐሳባችን ከፊሉ በመጀመሪያው ላይ ተንጠልጥሎ እንደሚቀር አሳይታለች። ከዲዩቲ ወጥታችሁ መጽሐፍ ገልጣችሁ «ያቺ ታካሚ ደም አገኘች ይሆን?» ስትሉ አንድ ገጽ ሦስት ጊዜ ያነበባችሁ ሁሉ ይህን ያለ ጥናት ታውቁታላችሁ።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ ለእኛ በጣም የጠቀመን እሱ ነው። ሮበርት ዛዮንክ እ.ኤ.አ. በ1965 ባቀረበው ትንታኔ፣ የሌላ ሰው አብሮን መኖር በደንብ የምናውቀውን ሥራ ያፈጥንልናል፣ ገና የምንማረውን ግን ያከብድብናል ይላል። እኛ ይህን ወደ አንድ ደንብ ለወጥነው፤ አዲሱን ለየብቻ በጸጥታ፣ ያነበብነውን በጋራ በድምፅ።

የቤተ ክህነት ትምህርት ቤት ይህን ሳይጽፍ ያውቀው ነበር። ተማሪው ቀለሙን ለብቻው ሲያጠና ይውልና መምህሩ ፊት ቀርቦ በቃሉ ይወጣዋል፤ ላቅ ያለው ተማሪ ታናሹን ያስቀጥላል። መጽሐፍ ገልጦ ማየትና መጽሐፍ ዘግቶ መናገር የተለያዩ ናቸው። ሮዲገርና ካርፒኪ እ.ኤ.አ. በ2006 አንድ ጽሑፍ ለተማሪዎች ሰጡ። ከፊሎቹ ደግመው አነበቡት፤ ከፊሎቹ ወረቀቱን ዘግተው የሚያስታውሱትን ጻፉ። ከአምስት ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን ደግመው ያነበቡት 42 በመቶውን፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶውን አስታወሱ። ሽምደዳ ለነገ ፈተና ይበቃ ይሆናል፤ ታካሚ ግን ቀን ቆርጦ አይመጣም።

የአንድ እሑድ ማታ

ከዚህ ሁሉ ተነስተን የእሑዱን ማታ እንዲህ ከፋፍለነዋል። የምንገናኘው በአዲስ አበባ ሰዓት ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። ሪያድ ላለው ጓደኛችን ሰዓቱ ያው ነው፤ ዋሽንግተን አካባቢ ላለችው በበጋቸው ከቀኑ 7፣ በክረምታቸው 6 ሰዓት ይሆናል። የመጀመሪያው አሥር ደቂቃ የሰላምታ ነው፤ እሱን አንሰርዘውም፤ ሰው ናፍቆ ነው የሚመጣው። በዚያው እያንዳንዱ በወረቀት ላይ ያልጨረሰውን ሥራ አንድ መስመር ይጽፋል፤ ሐሳቡ እዚያ ይቀመጥለት። ከዚያ አርባ ደቂቃ ድምፅ ተዘግቶ፣ ቻት ተዘግቶ፣ ስልክ ሌላ ክፍል ተቀምጦ ሁሉም ያንኑ ጽሑፍ ያነባል። ኔትወርክ ከደከመ ካሜራው ይጠፋል፤ መብራት ከሄደም ጽሑፉ ቀደም ብሎ ስለተላከ ታትሞ ወይም ወርዶ ይጠብቃል። ቀጥሎ ሠላሳ ደቂቃ ወረቀት ተዘግቶ ያነበብነውን እንናገራለን፤ ማን እንደሚጀምር በዕጣ ነው። በመጨረሻው አሥር ደቂቃ እያንዳንዱ አንድ ጥያቄ ይመልሳል፦ «ነገ ዋርዴ ውስጥ ምን እለውጣለሁ?»

ምሳሌ ልስጣችሁ። እ.ኤ.አ. በ2023 ከወሊድ በኋላ ስለሚከሰት መድማት አንድ ትልቅ ጥናት ታተመ። በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ከ200,000 በላይ በማህፀን የወለዱ እናቶችን ያካተተ ነው። የፈሰሰውን ደም መለኪያ ባለው ፕላስቲክ እየሰበሰቡ ቶሎ ማወቅ፣ እንዳወቁም ማህፀኑን ማሸት፣ የማህፀን ማኮማተሪያ መድኃኒት፣ ትራኔክሳሚክ አሲድ፣ ግሉኮስ ሳይሆን ተገቢውን ፈሳሽ በደም ሥር መስጠትና የመድማቱን ምክንያት መመርመር፤ እነዚህን አንድ በአንድ እየሞከሩ ሳይጠብቁ ባንድነት መጀመር ነበር። ብርቱ መድማት፣ ለመድማቱ ሲባል የተደረገ የሆድ ቀዶ ሕክምና ወይም በመድማት መሞት የደረሰባቸው በተለመደው አሠራር 4.3 በመቶ ሲሆኑ በአዲሱ 1.6 በመቶ ሆኑ። ልብ በሉ፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱም አዲስ አልነበረም። አዲስ የነበረው ደሙን መለካቱና ሁሉን አንድ ላይ መጀመሩ ነው።

ይህን ጽሑፍ ባነበብንበት ማታ በአንድ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል የምትሠራ ጓደኛችን «እኛ ጋ ያ ፕላስቲክ የለም፤ ነገ ምን ልለውጥ?» አለች። ተወያየን። በሚቀጥለው እሑድ ስትመጣ ከአዋላጅ ነርሶቹ ጋር ተነጋግራ መድኃኒቶቹንና የደም ሥር መርፌውን በአንድ ሳጥን አስቀምጠው ሳጥኑ ማዋለጃው ክፍል ውስጥ ተሰቅሏል፤ ቅደም ተከተሉም በአማርኛ ተጽፎ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። እውቀቱን ከቪዲዮ ማግኘት ትችል ነበር። ሳጥኑ ግን የተሰቀለው «ባለፈው እሑድ ያልሽው ምን ደረሰ?» የሚል ሰው እንዳለ ስለምታውቅ ነው። ራሷ ናት እንዲህ ያለችን።

ሌላው ደንባችን ሁለት እሑድ የቀረ ሰው በመልእክት ሳይሆን በድምፅ ይደወልለታል የሚል ነው። አንድ ጊዜ እንዲህ የቀረ ወንድማችን ጋ ሲደወል በሆስፒታሉ ብቸኛው ሐኪም እሱ ሆኖ ስንት ሌሊት ተከታትሎ እንዳደረ ነገረን። ለመወቀስ ተዘጋጅቶ ነበር። የተባለው «አሁን ተኛ፤ የዚህ ወር ተራህን እኔ እይዝልሃለሁ» ነው። በወሩ ተመለሰ። በሁለት መቶ ሰው ግሩፕ ውስጥ ቢሆን መቅረቱንም ያወቀ አይኖርም ነበር።

ለሚነሱ ጥያቄዎች

«አዋቂ ባለሙያ እንደ ሕፃን ሊደወልለት ነው ወይ?» የሚል አለ። አዋቂነት ብቻን መቻል አይመስለኝም። ሞርኒንግ ሴሽን ላይ በሰዓቱ የምንገኘው አዋቂ ስላልሆንን አልነበረም፤ ዛሬም ስፔሻሊስቱ ሳይቀር ይገኛል። ከዚህ ግቢ የወጣ ምሩቅ ከሚያጣቸው ነገሮች ትልቁ ያ ጠዋት ነው።

«ሰርተፊኬት እንስጥ፤ የሙያ ፈቃድ ለማሳደስ ተከታታይ ትምህርት ግዴታ ስለሆነ በራሱ ይመጣሉ» የሚልም አለ። እንስጥ፤ እኔም እደግፋለሁ። ሰርተፊኬት ሰውን በር ድረስ ያመጣል። ነገር ግን ቪዲዮውን ከፍቶ ቡና የሚያፈላውንና ወረቀት ዘግቶ የሚናገረውን አይለይም።

በጣም የሚከብደው ጥያቄ የቁጥሩ ነው። በትንሽ ቡድን ስንት ሰው እንደርሳለን? እንበልና በዓመት 120 ምሩቅ ይመዝገብ። ስድስት ስድስት ብናደርጋቸው 20 አስተባባሪ ያስፈልጋል። አንድ ዙር 12 ሳምንት ቢሆን፣ በሳምንት አንድ ሰዓት ተኩል፣ ከአንድ ሰው የሚጠየቀው 18 ሰዓት ነው። ዲዩቲ የምትወጡ ታውቃላችሁ፤ ከአንድ ዲዩቲ ያነሰ ነው። በዚህ አዳራሽ ውስጥ ብቻ ከ20 በላይ ሰው አያለሁ፤ በውጭ አገር ያሉት ወንድም እህቶቻችን ደግሞ «ምን ልርዳ?» ብለው ከሚልኩት ገንዘብ እኩል ይህ ሰዓት ያስፈልገናል። የተቀረጸው ሌክቸርም አይቅር፤ ለአርባው ደቂቃ ንባብ ምትክ ሊሆን ይችላል። ብቻውን ቁሙ አንበለው እንጂ።

መምህሮቻችንን አንድ ነገር ልለምን። የዚህን ሥራ ውጤት ስትመዝኑ ስንት ሰው ተመዘገበ፣ ስንት ሰው ቪዲዮውን ከፈተ ብቻ አትበሉ። በአሥራ ሁለተኛው ሳምንት ስንቱ እንዳለ፣ በየዋርዱም ምን እንደተለወጠ ጠይቁ። ቁጥሩ መጀመሪያ ላይ ትንሽ ሆኖ ስለሚታይ ለሪፖርት አይመችም፤ ይህን ከአሁኑ ብንነጋገርበት ይሻላል።

ዛሬ ማታ አንዲት የአምና ተመራቂ፣ ሪፈር ለመጻፍ አምቡላንስ በሌለበት ሰዓት፣ ከምትደማ እናት አጠገብ ብቻዋን ትቆማለች። በዚያ ሰዓት የሚደርስላት ያወረደችው ፋይል አይደለም፤ ከአፏ የሚወጣው፣ እጇ የለመደው ነው። ያንን አብረናት ልንለማመድ እንችላለን።

በር ላይ መመዝገቢያ ወረቀት አለ። ስማችሁን ብቻ ጽፋችሁ እንዳትሄዱ፤ ቀኑንና ሰዓቱንም ጻፉበት። ሰዓት ያልተጻፈበትን ስም እኔው ራሴ እደውልለታለሁ።